ከደባርቂ እስከ መቅደላ፤ አፄ ቴዎድሮስና የመድፎቻቸው ዕጣ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን እንደተጓዙ የወለቃ መንደር ትገኛለች። መንደሯ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤል መኖሪያ ስትሆን፣ ነዋሪዎቿም በብረት ቅጥቀጣ፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ማረሻና ማጭድ፣ የከተማዋ ነዋሪ ጀበናና እንስራ ከመሰል መንደሮች የሚገኝ ነበር። የጎንደር አብያተ መንግሥታት በታነፁበት ዘመንም የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ድርሻ እንደነበራቸው በታሪክ ይታወቃል።

ይሁንና እጁ ብረት የሚያለዝብ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ አይከበርም ነበር። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ ማረስ እንደማይችል እያወቀ፣ ቀጥቃጩን ግን ቡዳ ብሎ ይሸሸዋል፤ የርስት መሬትም ይነፍገዋል። ሙያን የሚፈልግ፣ ባለሙያን ግን የሚንቅ ይህ አስተሳሰብ ሰፍኖ በቆየበት በዚያው የጎንደር ምድር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእጅ ሙያን የመንግሥት ኃይል መሠረት አድርገው የተመለከቱ አንድ መሪ ተነሱ። እኒህ መሪ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስማቸው ሲነሳ አገርን አንድ የማድረግ ጥረታቸውና የመቅደላው አሟሟታቸው ቀድሞ ይታወሳል። በሕይወታቸው ውስጥ እንደ ቀይ ክር የሚታየው የመድፍና የፋብሪካ ፍላጎታቸው ግን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ተያይዞ ሲነገር አይሰማም።

የቋራው ካሣ

የልጅነት ስማቸው ካሣ ነው። በ1811 ዓ.ም አካባቢ በቋራ ከአባታቸው ከደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው በመሞታቸው ከእናታቸው ጋር ችግርን አይተው ማደጋቸው ይነገራል። እናታቸው ኮሶ በመሸጥ አሳደጓቸው የሚለውን አባባል ዘግየት ብለው የተነሱ ተቀናቃኞቻቸው ለስድብ ተጠቅመውበታል። በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ትምህርት ሲከታተሉም፣ ገዳሙ በጦርነት ምክንያት በደጃዝማች ማሩ ወታደሮች በተጠቃ ጊዜ በርካታ ሕፃናት ሲጎዱ እርሳቸው አምልጠዋል።

ዘመኑ ዘመነ መሣፍንት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ቤተ መንግሥት በስም ብቻ ተቀምጠው፣ ሥልጣኑ በየጁ ራሶችና በየአካባቢው ባላባቶች እጅ ነበር። ካሣ በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት የውትድርናን ሥራ ከተማሩ በኋላ፣ በቋራ በረሃ ሸፍተው ተከታይ አፈሩ። ኃይላቸው እየጎለበተ መምጣቱን የተመለከቱት የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን፣ የልጅ ልጃቸውን ተዋበች ዓሊን በመዳር በዝምድና ሊያስሯቸው ሞከሩ። ጋብቻው ለፖለቲካ የታሰበ ቢሆንም፣ ተዋበች ከአባቷ ይልቅ ለባለቤቷ የታመነች፣ ካሣም እስከ ዕለተ ሞቷ ምክሯን የሚሰሟት እንደነበረች ይነገራል። እቴጌ መነን ግን ብዙም ሳይቆዩ በአማቻቸው እጅ ተማረኩ።

ደባርቂ ያስተማረው

የካሣን አመለካከት የለወጠው ጦርነት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተካሄደ አልነበረም። በ1840 ዓ.ም በሱዳን ወሰን በኩል ከግብፅ ጦር ጋር ደባርቂ በተባለ ሥፍራ ገጠሙ። ይህ ሥፍራ ከሰሜኑ ደባርቅ ጋር ሊምታታ አይገባም። ካሣ በሰው ቁጥር ይበልጡ ነበር፤ የተከታዮቻቸውም ጀግንነት አያጠራጥርም። ግብፆቹ ግን በምሽግ ውስጥ ሆነው፣ በሥነ ሥርዓት ተሰልፈውና መድፍ ጠምደው ጠበቋቸው። ፈረሰኛውና እግረኛው ወደ ምሽጉ በጎረፈ ቁጥር በመድፍና በጠመንጃ እሳት ተመልሶ ወደቀ። ካሣ ብዙ ሰው አጥተው ወደ ቋራ ተመለሱ።

ብዙ የዘመኑ መኳንንት ቢሆኑ ኖሮ ሽንፈቱን ለዕድል ወይም ለእግዚአብሔር ቁጣ ሰጥተው ያልፉት ነበር። ካሣ ግን ያሸነፋቸውን ነገር ለይተው አወቁት። ከዚያ ወዲያ ወታደሮቻቸውን በሰልፍ ማሠልጠን ጀመሩ፤ የመድፍ ነገርም ከሐሳባቸው አልወጣም። የኋላ ታሪካቸውን በቅጡ ለመረዳት ከዘውዱ ይልቅ ከዚህ ሽንፈት መነሳት ይበጃል።

የዘውዱ መንገድ ከዚያ በኋላ ፈጣን ነበር። በህዳር 1845 ዓ.ም በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን፣ በሚያዝያ ወር በጎርጎራ ብጭን አቅራቢያ በታቁሳ የራስ ዓሊንና የደጃዝማች ውቤን የተባበረ ጦር፣ በሰኔ ወር ደግሞ በአይሻል ራስ ዓሊን ራሳቸውን ድል አደረጉ። በአይሻል የየጁ ሥርወ መንግሥት የበላይነት አበቃ። በየካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ማርከው፣ ከሁለት ቀናት በኋላ ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባሠሩት በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዓመቱ ወሎንና ሸዋን አስገብተው መቅደላን ምሽጋቸው አደረጉ። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየገባ እንዳይመዘብር ደመወዝ ለመቁረጥ፣ ገዥዎችንና ዳኞችንም በደመወዝ ለማሠራት አሰቡ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ገቢ ለማግኘት የቤተ ክርስቲያንን መሬት መጥነው፣ ለእያንዳንዱ ደብር የሚበቃው ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ነው በማለት የቀረውን ለገበሬው ሰጥተው ግብር ለማስገባት ወሰኑ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚያስፈጽመው ግን አልነበረም። መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ፣ ግብር የሚሰበስብ ሹም፣ ደመወዝ የሚከፍል ግምጃ ቤት ሳይደራጅ የወጣው አዋጅ ካህናቱን ከማስኮረፍ ያለፈ ውጤት አላመጣም። ከቤተ ክህነት ጋር የተፈጠረው ቅራኔም ለባላባቶቹ አመፅ በር ከፈተ።

ጋፋት፤ የባለሙያዎች መንደር

ዓመፁ በየአቅጣጫው ሲቀጣጠል አፄ ቴዎድሮስ የደባርቂን ትምህርት አልረሱም። በ1848 ዓ.ም ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። ማርቲን ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን የመጀመሪያዎቹ ሲሆኑ፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ዛልሙለር ዘግይተው ተቀላቀሏቸው። ዓላማቸው ወንጌል መስበክ፣ በተለይም በቤተ እስራኤል ዘንድ ማስተማር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት።

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ጋፋት ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሃል በዚያው ሠፈሩ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ መንገድ መሥራት፣ ጠመንጃ መጠገንና ሠረገላ ማዘጋጀት ነበር። በ1850ዎቹ ዓመታት ግን መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። እነርሱም መድፍ ሠርተው እንደማያውቁ ገለጹ። መልሱ ከጃንሆይ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ እንዲሞክሩ ተገደዱ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ማቅለጫ ምድጃው ከአካባቢው ሸክላና ድንጋይ ተሠርቶ፣ በወናፍ እየተናፋ በከሰል የሚነድ ነበር። መዳብና ቆርቆሮ ተዋሕደው ነሐስ እስኪሆኑ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የመድፉ ቅርጽ ማውጫ ጭቃ በትክክል ካልደረቀ፣ የቀለጠው ብረት ሲፈስበት እርጥበቱ ተንኖ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የከሸፉትም እንዲህ ያለውን ልምድ ከመጽሐፍ ማግኘት ስለማይቻል ነው። ከተደጋጋሚ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው ሞርታር ተሳክቶ ሲተኮስ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተደሰቱ፤ ሠሪዎቹንም በሽልማት አንበሸበሿቸው። ምድጃውን የሚያነዱ፣ ጭቃውን የሚያቦኩ፣ ብረቱን የሚያፈሱ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችና ተማሪዎችም በዚያው ሙያውን ይቀስሙ ነበር። ስማቸውን የመዘገበላቸው ግን አልተገኘም።

ከጋፋት ከወጡት ሁሉ ግዙፉ ሞርታር 7 ቶን ወይም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ነው። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። ስያሜው የተወሰደው በጥቁር ባሕር ዳርቻ ካለችው የሩሲያ የጦር ወደብ ሲሆን፣ ከተማዋ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ ጦር የተከበበችው እ.ኤ.አ ከ1854 እስከ 1855፣ ማለትም አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት ወቅት ነበር። ሩሲያውያን በዚያ ጊዜ የሸራ የጦር መርከቦቻቸውን ወደቡ አፍ ላይ ሆን ብለው አስጥመው ለጠላት መርከቦች መግቢያ ዘጉ፤ መድፎቹንና መርከበኞቹንም ወደ የብስ አውጥተው ከተማዋን ለአንድ ዓመት ገደማ ተከላከሉ። የቱርክን ነገር በጥብቅ ይከታተሉ ለነበሩት ንጉሠ ነገሥት የዚህች ከተማ ዝና እንግዳ አልነበረም።

በጣና ላይ የተሞከረው መርከብ

መርከብም ቢሆን ከሐሳባቸው የራቀ አልነበረም። ምጽዋ በቱርክ፣ ከዚያም በግብፅ እጅ በመሆኗ የባሕር በር ተዘግቶባቸዋል። በቅርብ የነበራቸው ውኃ ጣና ሲሆን፣ በሐይቁ ደሴቶች ላይ የሚሸሸጉ ዓመፀኞችም ያስቸግሯቸው ነበር። በሐይቁ ላይ ከደንገል ከሚታሰረው ታንኳ በቀር ሌላ መጓጓዣ አልነበረም።

ከእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም ጋር መጥቶ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው ማስታወሻ እንደተመለከተው፣ አፄ ቴዎድሮስ የእንፋሎት መርከብ ሥዕል ተመልክተው የራሳቸውን ለመሥራት ተነሡ። በባላገሩ የታንኳ አሠራር፣ ግን እጅግ በተለቀ መጠን፣ ከደንገል ሁለት መርከቦች ታስረው ወለላቸው በእንጨት ተነጠፈ፤ በየጎናቸውም መዘውር ተገጠመ። የእንፋሎት ሞተር ስላልነበረ መዘውሩ በሰው እጅ የሚዞር ሆነ። ንድፉን ያወጡት፣ ሥራውንም የመሩት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ።

መርከቦቹ በጣና ላይ ቢንሳፈፉም አገልግሎታቸው ብዙ አልዘለቀም። ደንገል ውኃ በጠጣ ቁጥር እየከበደ የሚሄድና የሚበሰብስ ተክል ነው፤ የጣና ታንኳ ዘመኑ በወራት የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የጦር መርከብ ሙከራዎች አንዱ ከሆነው ከዚህ ሥራ ለዛሬ የተረፈ እንጨት እንኳ የለም። ፈረንጆቹ ምርኮኞች ነገሩን በፈገግታ ጽፈውት አልፈዋል። ነገር ግን በእጁ ባለው ደንገልና እንጨት የዘመኑን ማሽን ለመምሰል የሞከረን ሰው ከማላገጥ በፊት፣ ብረቱንና ሞተሩን ማን ከለከለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

መልስ ያጣው ደብዳቤ

አፄ ቴዎድሮስ የውጭውን ዓለም በተመለከተ አማካሪዎቻቸው የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል ነበሩ። በ1852 ዓ.ም ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በዓመፀኞች ተወግቶ ሞተ። ቤልም ብዙም ሳይቆይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘምቶ በጦርነት ወደቀ። እቴጌ ተዋበች ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው በ1850 ዓ.ም አርፈዋል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሦስት የሚሰሟቸውን ሰዎች ያጡት ንጉሠ ነገሥት ቁጣቸው እየባሰ መሄዱን የታሪክ ጸሐፊዎች ያመለክታሉ።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም በአዲሱ ቆንስል በካሜሩን እጅ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ወዳጅነትን የሚገልጽ፣ በቱርክ ላይ ድጋፍን የሚሻና ወደ እንግሊዝ ለሚላኩ መልእክተኞች መንገድ እንዲመቻች የሚጠይቅ ነበር። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። አንድ ደብዳቤ በፋይል ውስጥ ተረስቶ መቅረቱ ሁለት አገሮችን ለጦርነት ያበቃበት ሁኔታ በዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ንጉሠ ነገሥቱ መልስ አለማግኘታቸውን እንደ ንቀት ቆጥረው በ1856 ዓ.ም ካሜሩንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሠሩ።

እንግሊዝ ሆርሙዝድ ራሳምን መልእክተኛ አድርጋ ላከች። ራሳም በ1858 ዓ.ም በክብር ከተቀበሉት በኋላ እርሱም ታሰረ። ለእስረኞቹ መፈታት ምትክ የተጠየቀው ግን ገንዘብም ሆነ መሬት አልነበረም። ፍላድ ወደ እንግሊዝ ተልኮ መድፍ የሚያቀልጡ ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን ይዞ እንዲመለስ ታዘዘ። የተጠየቁት ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ አይገቡም ተብሎ ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያዎቹ ካልገቡ እስረኞቹን አልፈታም አሉ። በዚህ የተነሳ ለአሥር ዓመታት ሲመኙት የነበረው መሣሪያ የገዛ አገራቸው ወደብ ደርሶ ተመለሰ። በእስር ላይ የተመሠረተ የትብብር ጥያቄ ሊሳካ እንደማይችል ያስተዋሉት አይመስልም።

በአገር ውስጥ የነበረው ሁኔታ ከዚህ የከፋ ነበር። በ1857 ዓ.ም የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አመለጡ። ዋግና ላስታ፣ ትግራይ፣ ጎጃም ከእጃቸው ወጡ። በህዳር 1859 ዓ.ም ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን ከተማ አዘረፉ፤ አቃጠሏትም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰዱት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ተጓዙ። በጣና ላይ የምጽራሃ ደሴት ነዋሪዎችም ከቁጣቸው አላመለጡም። የንጉሡን ጀግንነት የሚያወሳው የጎንደር ሰው ይህንንም አብሮ ያስታውሳል፤ ከሁለቱ አንዱን ለይቶ መተው ታሪኩን ማጉደል ይሆናል።

ሁለት ጉዞዎች ወደ መቅደላ

በ1860 ዓ.ም ጥቅምት ወር መባቻ አካባቢ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በዚያው ወር የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ከምጽዋ በስተደቡብ በምትገኘው ዙላ ላይ ከመርከብ ወረደ። ሁለቱም ወገኖች መድፍ ይዘው ወደ አንድ አምባ ያመሩ ነበር። የአቅማቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራውን ጦር ለማጓጓዝ ከ280 በላይ መርከቦች ተሰማርተዋል። 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ አጃቢና ሠራተኛ፣ ከ40 ሺህ የሚልቅ የጭነት እንስሳ፣ ከባድ መድፎችን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ከሕንድ መጡ። ዙላ ላይ የመርከብ ማራገፊያና የባቡር ሐዲድ ተሠራ። ከመርከቦቹ የተውጣጡ መርከበኞችም ሮኬት መተኮሻቸውን በበቅሎ ጭነው ወደ ደጋው ወጡ።

በሌላው ወገን ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ ተጭኖ በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር። ከደብረ ታቦር በጋይንት አድርጎ ወደ ዋድላ፣ ከዚያም የጅጣን ገደል ወርዶ ወደ ደላንታ፣ በመጨረሻም የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ መቅደላ የሚደርስ መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ በጉዞው ላይ እየተቆረጠ ነበር የሚሠራው። አቀበቱን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ ይስቡታል፤ ቁልቁለቱን ደግሞ ያንኑ ያህል ሰው ከኋላ ሆኖ ይይዘዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ድንጋይ እያነሱ፣ ጋሬጣ እየመነጠሩ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር ያዩ አውሮፓውያን መስክረዋል። በዙሪያቸው ዓመፀኛ በሞላበት፣ ስንቅ በሚያጥርበት፣ ተከታያቸውም በየሌሊቱ በሚከዳበት ሁኔታ መድፉን ሳይጥሉ ከ5 ወራት በላይ ተጉዘው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ።

ይህ መንገድ ሌላም ተጠቃሚ ነበረው። የናፒየር ጦር ጅጣና በሽሎ ሲደርስ የተሻገረው አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው በቆረጡት መንገድ ነው። የእንግሊዝ መሐንዲሶችም የመንገዱን ጥራት አድንቀው ጽፈዋል።

አሮጌና መቅደላ

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ ከመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ጦርነቱ ተካሄደ። የጋፋት መድፎች ከፋህላ አምባ ላይ ተጠምደው ቢተኮሱም፣ ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚመጣው ጥይት ከእንግሊዝ ወታደሮች አናት በላይ እያለፈ ሳይጎዳቸው ቀረ። መድፉን የሠራ እጅ ተገኝቶ ነበር፤ መድፉን አነጣጥሮ የሚተኩስ የሠለጠነ ተኳሽ ግን አልነበረም። በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ቁልቁል የወረደው ሠራዊት ከኋላ ከሚጎርሰው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃና ከመርከበኞቹ ሮኬት ጋር ተፋጠጠ። ነጎድጓድና ዝናብ ባጀበው በዚያ ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ 1 ሺህ 200 ያህል ቆሰሉ። በእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት ከሃያ ብዙም የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ሁለቱ ሞቱ። ከ20 ዓመታት በፊት በደባርቂ የታየው ነገር በአሮጌ በእጅጉ ገዝፎ ተደገመ።

አፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን እንዲሰጡ የቀረበውን ጥያቄ ግን አልተቀበሉም። ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተበረከተላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን አጠፉ። ሥጋቸው በመጀመሪያ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አረፈ፤ ዘግይቶም ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ተወስዷል።

የመድፎቹና የሠሪዎቹ ፍጻሜ

የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከመልቀቁ በፊት በመቅደላ ያገኛቸውን መድፎች አፈነዳ፤ ቤቶቹን አቃጠለ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍትና ቅርሶች በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ደላንታ ላይ ለወታደሩ በጨረታ ተሸጡ። በስፍራው የነበረው የብሪትሽ ሙዚየም ተወካይ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትን ወሰደ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ አረፈ፤ አጽሙም በዊንዘር ይገኛል። በ2011 ዓ.ም በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ መልሷል።

ናፒየር ሲመለስ መንገድ ለከፈቱለት ለትግራዩ ካሣ ምርጫ የእንግሊዝ መድፎችና በርካታ ጠመንጃዎች ሰጠ። ካሣ ምርጫ በዚህ መሣሪያ ታግዘው በ1863 ዓ.ም በዓሣም ጦርነት አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አደረጉና አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። በአገር ውስጥ የተሠሩት መድፎች በመቅደላ ወድመው፣ ቀጣዩን ዙፋን የወሰኑት ከውጭ የመጡት ሆኑ።

የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። የጆን ቤልን ልጅ ያገባው ቫልድማየር በሊባኖስ ተራሮች ላይ ብሩማና የተባለውን ትምህርት ቤት፣ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። መድፍ አቅላጩ ሞሪትዝ ሃል በኢያፋ ከተማ ኖረ፤ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ ከዘሩ የሚቆጠር ነው። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ግን የሚያሰባስባቸው ጠፋ። ምድጃው የተመሠረተው በአንድ ሰው ፈቃድና በታሰሩ እንግዶች ሙያ ላይ በመሆኑ፣ ያ ሰው ሲሞት እነዚያም ሲሄዱ ጋፋት ተዘጋ። በአድዋ የተተኮሱት መድፎች ከውጭ የተገዙ ወይም ከጠላት የተማረኩ ነበሩ። ባለ እጅን ጠይብ፣ ፋቂ እያሉ መስደብን የሚከለክለው የአፄ ምኒልክ አዋጅ የወጣው በ1900 ዓ.ም፣ ማለትም ከመቅደላ 40 ዓመታት በኋላ ነው።

የወለቃ ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላ ሥራው ግን በመንደሯ የቀጠለ ሲሆን፣ በአውራ ጎዳናው ለሚያልፉ እንግዶች ይሸጣል። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ሴባስቶፖል ለመታሰቢያነት የተሠራ አምሳያ ነው። ዋናው ሞርታር ሊጓጓዝ ያልተቻለ በመሆኑ፣ የጎተቱት ሰዎች ገመዱን በለቀቁበት በመቅደላ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ ዞን በሚባለው አካባቢ፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ተጋድሞ ይገኛል።